የመዳቧ ሴት ታጠበች

ሰኞ

ወርቅ የለኝም። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ «እትዬ አስካለ ወርቅ ደብቀዋል» ሲባል ሰማሁ። ስህተት ነው። ያለኝ መዳብ ነው። አሜሪካኖች የራሳቸውን ገንዘብ መሥራት ሲጀምሩ ለናሙና ከቀረጿቸው ሳንቲሞች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የቀሩት ሳንቲሞቼ ተራ ናቸው። ይህኛውን ከእሑድ ገበያ፣ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር በአንድ ቆርቆሮ ገዛሁት።

የናሙና ሳንቲም ገበያ አይወጣም። ናሙናው ቢጸድቅ ኖሮ ገንዘብ ይሆን ነበር። ሳስበው ያልተገዛበት ዳቦ፣ ያልገባበት ኪስ ይታየኛል።

ማክሰኞ

ጭጋጉ እስከ መስኮቴ ወጥቷል። ሰፈሬ ኮሊንግዉድ ከፎቁ ሥር አይታይም። ሳንቲሙ ላይ ያለችው ሴት ፀጉሯ ወደ ኋላ ተበትኗል፤ ጭጋጉ ውስጥ የምትሮጥ መሰለኝ። ጎረቤቴ ጽጌ አየቻትና «ምነው እትዬ፣ ይቺ ማበጠሪያ የላትም?» አለች። ሳቅሁ።

ለሐሙስ የሳንቲም አዋቂ ጋ ቀጠሮ ቡክ አድርጌያለሁ። እውነተኛ ይሁን አስመስለው የሠሩት፣ ሳልሞት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ረቡዕ

ታጠበች!

ክሊኒክ ሄጄ ስመለስ ጽጌ በሰጠኋት ቁልፍ ገብታ ቤቱን አጽድታለች። ሳንቲሙንም የቤተ ክርስቲያኑን ጽና እንደምትወለውለው በሎሚና በጨው ፈትጋዋለች። «ነገ ሰው ፊት ስለምትቀርብ ነው፣ እትዬ» አለች ደስ ብሏት።

አሮጌ ሳንቲም አይታጠብም። ለዕድሜው የሚመሰክረው ያ ጥቁር ቆዳው ነበር። «ውጪልኝ!» አልኳት። ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሳንቲሙ እንደ አራስ ልጅ ቀልቷል። ማየት አልቻልኩም።

ሐሙስ

አዋቂው እጁ የረጋ ሽማግሌ ነው። መዘነው፤ ጠርዙን በማጉያ መነጽር አየ። በመጨረሻ፣ እውነተኛ ይመስለኛል፣ ግን ቆዳው ስለተነሣ መማል አልችልም፣ አሜሪካ ተልኮ ይመርመር አለኝ።

ማን እንዳጠበው ሲጠይቀኝ «እኔ» አልኩ። ውሸት ነው። አላረምኩትም።

በትራም ስመለስ ሳንቲሙ መዳፌ ውስጥ ሞቀ። ፌርማታዬን አሳለፍኩ።

ጽጌ ዛሬ አላንኳኳችም። ኮሪደሩ ላይ እግሯን ሰማሁ፤ በራፌ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ከዚያ አለፈ።

ነገ መጀመሪያ፦
ጽጌ ዲር ፓርክ ወዳለው ሥራዋ ለሺፍቷ ሳትወጣ በሯን አንኳኳለሁ።
ሽማግሌው ያለውን እነግራታለሁ፤ «እውነተኛ ይመስለኛል» ያለውን አስቀድሜ።
ቁልፉን እሰጣታለሁ።
ከዚያ ሳንቲሙን ለፖስታ አብረን እንጠቀልላለን፣ ከከፈተችልኝ።