ሙታሌ ትመለስና ትስደበኝ

ጁላይ 18 ቀን 2022

ለሙሶምቦ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው አቶ ሀቺፑካ
ሙሶምቦ

ጉዳዩ፦ በስሜ የቀረበው ክስ እንዲሰረዝና የሴት ተማሪዎች መሪ የነበረችው ሙታሌ ካሶንዴ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ኤስናርት ሾንጋ፣ በሙሶምቦ የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ነዋሪና ልብስ ሰፊ ነኝ። የካሎሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወንድ ተማሪዎች መሪ የነበረው፣ ጁን 14 ቀን በሦስት ቀን ወባ የሞተብኝ ማዳሊትሶ ልጄ ነው። ሙታሌ ከትምህርት የታገደችው በእኔ ፊርማ ስለሆነ፣ ፊርማዬን ለመሻር ከክቡርነትዎ ፊት ቀርቤያለሁ።

1. እኛ እንጎኒዎች ነን፤ ሙታሌ ቤምባ ናት። ክቡርነትዎ የሚያውቁትን ልድገምና፣ አያቶቻችን ተዋግተው ሲሰለቻቸው ጦሩን አስቀምጠው ስድቡን ያዙ። እኛ "ጦጣ በሊታ" እንላቸዋለን፤ እነሱ "አይጥ በሊታ" ይሉናል። በስድቡ የተቆጣ ሰው አንድ ዶሮ ይቀጣል። ቀብር ሲሆን ደግሞ ስድቡ ግዴታ ነው፤ ጉድጓድ የሚቆፍሩልን፣ በሟቹ ላይ ተሳልቀው ለቀስተኛውን የሚያስቁት እነሱ ናቸው። ቤምባ ያልተሳለቀበት እንጎኒ ሰው እንደሌለው ነው የሚቀበረው። እርስዎም የቶንጋ ሰው ነዎትና፣ የስድብ ባልንጀሮቻችሁ ሎዚዎች በእናንተ ቀብር ላይ ምን እንደሚሉ ለእርስዎ አልነግርም።

2. ባለፈው ዓመት ከምርጫው በኋላ የካሎሌ ልጆች በየብሔራቸው ተከፍለው በወንበር እግር ተፈነካክተው ነበር። ርእሰ መምህሩ ፖሊስ ጠሩ። ጠቡን ያበረዱት ግን ልጄና ሙታሌ ናቸው። በማግስቱ በጠዋት ሰልፍ ላይ ልጄ ወጥቶ "ጦጣ የበላችሁ በዚህ፣ ጦጣ ያማራችሁ በዚያ ተሰለፉ!" አለ። እሷም "አንተ አይጥ በሊታ፣ ዝም በል! ድመት እየመጣች ነው!" አለችው። ግንባራቸው በፋሻ የታሰረው ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ርእሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚያከብረውን የባህሎች ቀን ዝግጅት ለሁለቱ አስረከቡ። ለዘንድሮው ኦክቶበር ልብስ ተለዋውጠው፣ እሱ የቤምባ እሷ የእንጎኒ ለብሰው ሊወጡ ተስማምተው ነበር፤ የለካኋቸውም እኔ ነኝ። የልጄ ልኬት የተጻፈበት ወረቀት ዛሬም በስፌት መኪናዬ ላይ እንደተለጠፈ ነው።

3. ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩም፣ ቀበርኩም። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ሙታሌ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ዘልላ ጉድጓዱ ውስጥ ገባችና ተጋደመች። ክቡርነትዎ እንዲፈርዱ ቃሏን እንዳለ አሰፍራለሁ፦ "አልወጣም! ይሄ አይጥ በሊታ የት ሊሄድ ነው? የባህሎች ቀን ሲደርስ ጠብቆ መሞት ምን የሚሉት ፈሪነት ነው? አያቶቹ ከእኛ ሮጠው አመለጡ፣ እሱ ደግሞ ተኝቶ ሊያመልጥ! ተነስ አንተ ሰነፍ፣ እታች አይጥ የለም፣ ምን ልትበላ ነው?"

ክቡር ሆይ፣ እኔ እናቱ ሳቅሁ። ሁለት ቀን እንባዬ ደርቆ እንደ ግንድ ተቀምጬ ነበር፤ ስስቅ እንባዬም አብሮ መጣ። እንድትወጣ ወንድሜ እንደ ልማዱ አንዲት ዶሮ ቃል ገባላትና ወጣች። አፈሩ ተጭኖ ሰው ሲበተን ፀጉሯ አፈር እንደሆነ ዛፍ ሥር ተደፍታ ስታለቅስ አየኋት። ያን ያየ ሌላ ሰው የለም።

4. ሌላ ሰው ያየው በስልክ የተቀረጸውን አንድ ደቂቃ ነው፤ ከዘለለችበት እስከ "አይጥ በሊታ" ድረስ ብቻ። እስከ ዋና ከተማው ሉሳካ ደረሰ። የሚያውቁን ሳቁ፣ የማያውቁን ተሳደቡ፣ ርእሰ መምህሩም ለወንበራቸው ፈሩ። ልማዱን የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ባልተቀየምኩ ነበር። ነገር ግን የሚስታቸው ዘመድ የሞተ ጊዜ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው "ቢራ ካልመጣ አልነሳም" ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የሐዘን ልብሱን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ እዚያው ነበርኩ።

5. ልጄ በተቀበረ በአራተኛው ቀን፣ ከለቀስተኛ ሴቶች ጋር መሬት እንደተቀመጥሁ፣ ርእሰ መምህሩ ወረቀት ይዘው መጡ። "እናታችን፣ ይሄ ቪዲዮ እንዲጠፋልን እዚህች ላይ ይፈርሙ" አሉኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ አላነበብኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወረቀቱ "ልጄን በብሔሩ የሰደበች፣ አስከሬኑን ያዋረደች ትቀጣልኝ" የሚል መሆኑን የሰማሁት ሙታሌ ከመሪነቷ ተሽራ፣ ለዓመቱ ከትምህርት ታግዳ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንዳትቀመጥ ከተወሰነ በኋላ ነው።

6. ሦስት ጊዜ ቢሯቸው ሄድኩ። ከወንበራቸው በላይ "ልዩነታችን ውበታችን ነው" የሚል ትልቅ ወረቀት ተሰቅሏል። "እናታችን፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል፤ ፊርማ ፊርማ ነው" አሉኝ። በግቢው የማንም ብሔር ስም እንዳይጠራ መከልከላቸውንም ነገሩኝ። የጎረቤቶቼ ልጆች እንደሚሉት ከሆነ አሁን ምሳ ሲበሉ እንደ ድሮው ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። በባህሎች ቀን ደግሞ ለልጄ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይደረግለታል አሉ። ማዳሊትሶ በሕይወቱ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ አያውቅም።

7. ሙታሌ አሁን አውቶቡስ ተራ ከአክስቷ ጋር ከሰል ትሸጣለች። ድሮ በደጄ ስታልፍ "ሴትዮ፣ አይጡ በሰለ ወይ?" ብላ ከአጥር ማዶ ትጮህ ነበር። ዛሬ ጉልበቷን አጥፋ፣ እጇን አጨብጭባ፣ መሬት መሬት እያየች "እንደምን አደሩ እናቴ" ትለኛለች። የከሰስኳት መስሏታል፤ እውነትም ከስሻታለሁና ምን ልበላት? ከልጄ ሞት ወዲያ እንደዚህ ሰላምታ ያቃጠለኝ የለም። አንድ ልጅ ወባ ወሰደብኝ፤ ይህቺን ግን የወሰድኳት በገዛ እጄ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ. ጁን 20 ቀን የፈረምኩት ወረቀት እንዲሰረዝልኝ፤ ጥፋት ካለ ሳላነብ የፈረምኩት እኔ እንድጠየቅበት፤

ለ. ሙታሌ ወደ ክፍሏና ወደ መሪነቷ ተመልሳ በኦክቶበር ፈተናዋን እንድትቀመጥ፤

ሐ. የአንድ ደቂቃው ዝምታ እንዲቀር፣ በምትኩ ሙታሌ ቆማ በልጄ ላይ እንድትሳለቅበት እንዲያዙልኝ በእናት አንጀት እለምናለሁ።

ይህን ጊዜ አንብቤ የፈረምኩ፣

ከሰላምታ ጋር
ኤስናርት ሾንጋ (ፊርማ)
የማዳሊትሶ እናት

ግልባጭ፦
ለካሎሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ለጦጣ በሊታዋ ለሙታሌ ካሶንዴ፦ ዶሮሽ እንቁላል መጣል ጀምራለች፣ የእንጎኒ ልብስሽም ተሰፍቶ አልቋል። ልጄ መልስ መስጠት ስላልቻለ እኔ ልመልስልሽ፦ በደጄ አንገትሽን ደፍተሽ የምታልፊው ፈሪዋ አንቺ ነሽ። ግቢና ውሰጂ።