ከጋቢናው በላይ ያለችው ክፍሌ

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ያዮ፣ ረፋድ

ፍራሹ እንደገና ረጥቧል። ባለፈው በግርጌ፣ ዛሬ በራስጌ። አንድ ካርቶን ክኒን ሟሟ፤ ፋሻው ሁሉ ቡናማ ሆነ። አውጥቼ አሰጣሁት፤ ፀሐይ ግን የለችም። ንድድ ብሎኛል።

ማስታወሻዬ፣ ክፍሌን ታውቂያታለሽ። የተዘዋዋሪ ክሊኒካችን ሎሪ የእንጨት ሣጥን ወደፊት ተቀጥሎ ጋቢናው ላይ የወጣባት፣ ከሾፌሩ አናት በላይ ያለችው። ሰዉ «ቆጥ» ይላታል። ጋሽ ተሰማ፣ ሾፌራችን፣ ጠዋት ጠዋት «ዶሮዋ ወረደች?» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ስድስት ሆነን ባንድ ክፍል ስላደግን ለእኔ ቤተ መንግሥት ናት። መድኃኒቱንም ከጎኔ አስቀምጣለሁ።

ግንቦት ፲፫

ጋ. ተሰማ ምክንያቱ የላላ ብሎን ነው አለ። አራት ጨመረበት። ሣጥኑን ከመቱው አናጢ ከኦቦ ቶሌራ ጋር የሠራው እሱ ስለሆነ ክፉ እንዲነገርበት አይወድም። ስንጥቁን ደግሞ በሰም ደፈንነው። የያዮ ሰም፣ ማሩ ገና ያልለቀቀው። ክፍሌ እንዴት ሸተተች!

ግንቦት ፲፬

ንቦች። አንድ መንጋ ሙሉ። ሦስት ቦታ ተነደፍኩ፤ ጋ. ተሰማ ባፍንጫው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ሰሙን ፍቀን ሬንጅ ቀባን። ከልቤ ሳቅሁ፤ የዓይኔ ቆብ ግን አልከፈት አለ።

ግንቦት ፳፪፣ መቱ፣ ከሰዓት

አለቃዬ ጠራኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ አንድ ካርቶን እንኳ ከተበላሸ ሎሪው እስከ መስከረም ግቢ ውስጥ ይቆማል አለኝ። ሰኔ ስምንት ራሱ ሊያየው ነው።

መስከረም! ኖፓ ያለችው ጫልቱስ? የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ነው የተወለደው። አሁን ዳግመኛ እርጉዝ ናት፤ እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል። ባለፈው ስንለያይ እጄን ይዛ «ሲስተር፣ ዮም ዹፍቱ? መቼ ይመጣሉ?» አለችኝ። በሰኔ አጋማሽ አልኳት። ቃሌን ሰጥቻለሁ። እሄዳለሁ።

ሰኔ ፫፣ ከኡካ መልስ

መኪናው ሲሄድ ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ ክልክል ነው። ዛሬ ተቀመጥኩ። ጋ. ተሰማ ጮኸ፤ አልወረድኩም።

አየሁት! የፊት ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ጋቢናው ወደ ግራ ያዘነብላል። ሣጥኑ ከኋላ ወደ ቀኝ። ክፍሌ ደግሞ ከሁለቱም ጋር በብሎን ታስራለች፤ መሐል ሆና ትጣመማለች። መገጣጠሚያው አፉን ይከፍታል፣ ሰማይ ይታያል፣ መልሶ ይገጥማል። ለማረጋገጥ ጣቴን ሰደድኩ። ገጠመብኝ። ጥፍሬ ጠቁሯል።

ስወርድ ጣቴን ለጋ. ተሰማ አሳየሁት። የጨመርነው ብሎን ሁሉ አዲስ የውሃ ቀዳዳ ሆኗል። በሬንጅ የሚድን ነገር አይደለም።

ሰኔ ፰፣ መቱ

አለቃዬ መጣ። እሱ ሲገባ ዝናቡ ወረደ፣ ያውም የመቱ ዝናብ። መሰላሉን ወጣ፣ ፍራሹን ዳበሰ፣ ጣሪያውን በባትሪ አየ። አንዲት ጠብታ የለም። ደኅና ጠግናችኋል አለ። ለኖፓ ፈረመልን!

ጋ. ተሰማ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የቆመ መኪና መቼም አፍስሶ አያውቅም። የሚከፈተው መንገድ ላይ ነው።

ሰኔ ፱፣ ጠዋት

ሳስበው አደርኩ። ዝም ብዬ ብሄድ፣ ለጫልቱ የያዝኩት መድኃኒት ኖፓ ሲደርስ ጭቃ ነው። ለአለቃዬ ብነግረው ደግሞ መስከረም ይለኛል። ስመለስ እነግረዋለሁ፤ ያን ጊዜ እንደፈለገ ይቅጣኝ።

ለጋ. ተሰማ ክፍሏን ቆርጠን እንጣላት አልኩት። የሣጥኑን ፊት በጣውላና በቆርቆሮ እንዝጋው፤ መድኃኒቱ ከኋላ ይሁን።

ፈቃዱን ይዘን እናፍርሳት? ብሎ ተንጨረጨረ። የገዛ እጁ ሥራ ናት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺስ ልጄ፣ የት ልትተኚ ነው?» አለኝ።

የጫልቱ ቤት መደብ አለው አልኩት። ሌላ አገርም ሌላ መደብ አይጠፋም። ኦቦ ቶሌራን ሊጠራ ሄደ።

አሁን ፍራሼን አወረድኩ። ትንሽ አለቀስኩ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ይህን የምጽፈው በባዶው ጣውላ ላይ ተቀምጬ ነው። ኦቦ ቶሌራ ደርሷል፤ ሲስተር፣ ከእርስዎ ወገን ልጀምር ወይስ ከወዲያ እያለ ከታች ይጠይቀኛል። ከእኔ ወገን አልኩት። መጋዙ ጀመረ፤ ጣውላው ብዕሬን ያዘልለዋል። ልውረድ።