አላየሁሽም

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፤ ጠዋት 1፡40
ጉም። ካፊያ። ፋብሪካው በር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ፊደሉ ቢጣመም ይቅር በይኝ። የብስክሌቴ የግራ መስታወት ሄደ። ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ሊቀድመኝ ሲል ጠርጎ ወሰደው። ከመስታወቱ እስከ ክርኔ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እኔ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ካለፈ በኋላ ክላክሱን አስጮኸው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መቼስ ቆመ። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። አላየሁሽም አለ።

እሱም አላየሁሽም! ባለፈው ባለባጃጁ አላየሁሽም፤ ከዚያ በፊት ባለሚኒባሱ አላየሁሽም። ደ/ብርሃን ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሲሰጥ ይህችን ቃል ያስጠኗቸዋል መሰለኝ።

ሐሰት እንዳልል ባለሦስት ጎማ ብስክሌቴ ዝቅ ያለች ናት። ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ጥዬ፣ የማይታዘዙኝን እግሮቼን ወደፊት ዘርግቼ፣ ፔዳሉን በእጄ ነው የማዞረው። ጭንቅላቴ ከአይሱዙ ጎማ እኩል ነው። ግን ዳገት ትወጣለች። የትም ታደርሰኛለች።

ማታ
አለቃዬ አቶ ደረጀ ሰምቷል። ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ በሰርቪስ ካልመጣሽ በሩን አታልፊም አለ። ለራስሽ ብዬ ነው አለ። የሰርቪሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ልጆቹ ጠዋት ተሸክመው ያስገቡሻል፣ ማታ ተሸክመው ያወርዱሻል አለ።

ኧረ ባክህ! አንኮበር ሳለሁ አባቴ አዝሎኝ ነው ያንን ዳገት ለቅዳሴ የወጣው፤ ጡት ካወጣሁም በኋላ። እሱ አባቴ ነው። ወገቡ ሲጎብጥ ያየሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የማላውቀው ጎረምሳ በብብቴ ገብቶ፣ ቀሚሴ ወደ ላይ ሲሰበሰብ፣ ሰው ሁሉ ዞር እያለ? አልፈልግም። የብርድ ልብስ ጠርዝ የምሰፋው በእጄ ነው፤ የሚያደርሰኝም እጄ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይሸከመኝም።

እንግዲያስ መታየት አለብኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10
መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ ሰደርያ ተገኘ፤ መብራት ሲያርፍበት የሚያብረቀርቀው። ለብሼው ወጣሁ። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ከኋላ ማን ያየዋል? ሞኝ። አውልቄ ወንበሩን አለበስኩት። ሁለት ቀይ መብራት አሰርኩ። ያረጀ ቀይ የውስጥ ጉርዴን ቀድጄ ረጅም ቀርከሃ ላይ ሰቀልኩ።

ታየሁ፣ እሰይ! ማን አየኝ? እግረኛ። አደባባዩ ጋ አንዲት ሴትዮ ጭኔ ላይ ብር ጣል አርጋ፣ እግ/ር ይማርሽ ብላ አለፈች። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ኧረ ሥራ እየሄድኩ ነው ብል ማን ይሰማኛል! ሾፌሮቹ ግን ያው እንደ ድሯቸው።

ኬላው ጋ ደግሞ ጥበቃው አስቆመኝ። ይኼ የማን ባንዲራ ነው? ቀይ ብቻውን ምን ማለት ነው? ማን ስቀይ አለሽ? የውስጥ ልብሴ ነው አልኩት። አፍሮ መሬት መሬት አየ። ቢሆንም አውርጂው አለ። አወረድኩ። ምን ላርግ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12
ጋሽ በየነ ሊጠይቀኝ መጣ። ጎረቤቴ ነው፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ የነበረ። ሰው ሲሞት ማልዶ በየመንደሩ እየዞረ የሚያስነሣን እሱ ነበር። ዘንድሮ እድሩ ድምፅ ማጉያ ገዛ። ጡሩምባው ግድግዳ ላይ ቀረ። ጋሽ በ. ራሱም ግድግዳ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

የመስታወቴን ነገር ነገርኩት። ሰው ዓይኑን ይከድናል እንጂ ጆሮውን አይከድንም አለ። ሄዶ ጡሩምባውን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከሰፈር ወጣ ብለሽ፣ ለመኪና ብቻ፣ አለኝ። ጥርሱ አልቆ እሱ መንፋት አይችልም። የሚነፋለት በማግኘቱ ደስ ብሎት ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15
ሠራ! የሰፈራችን ኮረኮንች ከአስፋልቱ የሚገናኝበት፣ ያ የሞት መጋጠሚያ። ጉሙ ከአፍንጫ ወዲያ አያሳይም። ነፋሁት። ደገምኩ። ወይ ጉድ! ሁሉም ቆመ። ባጃጁ ቆመ። የጭነት መኪናው ቆመ፤ ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔ በመሃል አስፋልት፣ ያለ ቦይ፣ ያለ ጭቃ፣ እንደ ሙሽራ አለፍኩ።

ፋብ. እስክደርስ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ መረረኝ። ለሞተ ሰው ፍሬን የሚይዝ እግር ለእኔ ምነው ከበደው? ለመታየት የግድ መሞት አለብኝ? ቱ!

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እሷ እኔ ነኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቤቷ መጋጠሚያው ላይ ነው። ልጇ ከቤት ከወጣ ቆየ፤ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ስልኩ አይሠራም። ትናንት ጡሩምባውን ሰምታ በባዶ እግሯ ወጣች አሉ። ማን ነው፣ የኔ ነው ወይ፣ እያለች አስፋልቱ ዳር ወደቀች። ሰዎች ደግፈው አስገቧት።

እኔ በአጠገቧ ነው ያለፍኩት። አላየኋትም። ሰማሽ? እኔም አላየኋትም። አፈር ልብላ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18
የእድሩ ዳኞች ጠሩን። ጋሽ በ. ቀድሞኝ ተነሥቶ እኔ ነኝ ንፊው ያልኳት አለ። ዋና ዳኛው ተቆጣ። የሙት ጡሩምባ መንገድ ማስለቀቂያ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ታዲያ ለኔ መንገድ የሚያስለቅቀው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ከዳር ሆኖ፣ ቀስ ብለሽ ዳር ዳሩን ሂጂ አለ። ዳር ዳሩን! ስኖር ሌላ ምን ሠራሁ?

እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ ተነሣች። ትርገመኝ፣ ይገባኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ዳር ዳሩን ስትሄድ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም፤ መንገዷ ግን ደጄ ነው። ማክሰኞ ልጄን ብዬ ስወጣ ያየሁት እሷን ነው፣ መሃል መንገድ ላይ። ሬሳ እንኳ ዳር ዳሩን አይሄድም፤ ምነው እሷን ቦይ ለቦይ ትሰዷታላችሁ?»

ጡሩምባው ለእድሩ ተመለሰ። ስንወጣ እጇን ይዤ ሳምኩ፤ ጉንጬን ሳመችኝ። የልጇ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ አልተኛም መሰለኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20
ቀኔ ነገ ያልቃል። አቶ ደረጀ ደወለ፤ ሰርቪሱ 12፡30 ላይ ይጠብቅሻል አለ። እንዳይጠብቀኝ አልኩት። በሩስ አለ። በሩን አንተ ትዘጋዋለህ፣ እኔ ግን እስከ በሩ ድረስ በእጄ እመጣለሁ አልኩት። ዘጋው። ስልኩን ማለቴ ነው፤ የበሩን ነገ እናያለን።

ሰምተሻል፣ ማስታወሻዬ? ቆርጫለሁ። ከነገ ጀምሮ መሃሉን ነው የምይዘው። ማንም እንዳይሰማኝ፣ ማንም እንዳይቸገርብኝ ብዬ ዳሩን ይዤ ኖርኩ፤ ዳር ያለን ማን ያያል? ክላክስ ያስጩሁብኝ። ያስጮኸ አይቶኛል። ይስደቡኝ። የሰደበኝም አይቶኛል። ሰው የሚሸከመኝ ቀን እንደሆነ ለኔም አይቀርልኝ፤ ያን ቀን ሁሉም ይቆምልኛል፣ ኮፍያም ይወልቅልኛል። እስከዚያ ግን ቆመው ባያከብሩኝ ቀስ ብለው ይከተሉኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21፤ ጠዋት 1፡05
መጋጠሚያው ላይ። ጉም። ሰደርያው ወንበሩ ላይ፣ መብራቶቹ በርተዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ ደጇ ቆማለች፤ በእጇ መሃሉን ታሳየኛለች። ፈርቻለሁ፣ ምን ልደብቅሽ። ከታች አይሱዙ እየመጣ ነው። ገና ከሩቅ ክላክሱን ያስጮኻል። በኔ ላይ ነው። አየኝ። እንግዲህ ልግባ፣ ቀሪውን ፋብ. በር ላይ እጽፍልሻለሁ።