ያልደረቁት ሁለት ሰዓቶች፦ የወይዘሮ ድንቅቱ ገርባ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ድንቅቱ ገርባ ከመቀጠራቸው በፊት፣ በሰበታ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ሠላሳ አንድ ልጆች፣ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበረው፤ ጠመኔ አልነበረውም።

ወይዘሮ ድንቅቱ ከአባታቸው ከአቶ ገርባ ቦጂያና ከእናታቸው ከወይዘሮ አያንቱ ኢተፋ በ1912 ዓ.ም. ፉሪ ተወለዱ። ፊደል በደብሩ ቆጥረው፣ አዲስ አበባ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1943 ዓ.ም. የሕፃናቱ መምህርት ሆኑ። ጠመኔ ስለሌለ ቁጥርን በጭቃ ላም፣ በእንቧይ በግና በጥድ ቅርፊት ጎጆ አስተማሩ። ቅርፊቱን ከመናገሻ በጆንያ ሲያመጡ፣ በ1936 ዓ.ም. ያገቧቸው አቶ ጎበና «ማገዶ መጣ» ብለው ሁለት ጊዜ አንድደውባቸዋል።

በ1945 ዓ.ም. ተቆጣጣሪው አቶ ወንዳፍራሽ ስለ ጭቃው ሰምተው፣ ትምህርቱን ሊዘጉ መምህርቷንም ሊያሰናብቱ መጡ። በመጀመሪያ የስድስት ዓመቷን በቀለችን ጠየቁ።

«ልጄ፣ የጭቃ ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት አላችሁ?»

«አርባ ሁለት! ሁለቱ ግን ገና አልደረቁም።»

«ሰዓት ይደርቃል እንዴ?»

«ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል። የኔው ግን ቀንዱ ተሰብሯል።»

አቶ ወንዳፍራሽ ልጆቹ በጭቃ ብዛት አእምሯቸው ተነክቷል ብለው ደመደሙ። ወይዘሮ ድንቅቱ ሳቃቸውን እንደ ምንም ዋጥ አድርገው፣ «ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ በልጅቷ ቤት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ሰአ ማለት ላም ነው» አሉና በመስኮቱ ሥር የተደረደረውን መንጋ አሳዩዋቸው። ቀጥለውም ጭቃ አቀበሏቸው። ተቆጣጣሪው ኮታቸውን አውልቀው አንድ በሬ ሠሩ፤ በሬው ወደቀ። ደግመው አቆሙት፤ አሁንም ወደቀ።

«ጋሼ፣ እግሩን ያወፍሩት እንጂ!» አለች በቀለች። «ሆዱ ደግሞ ያንቱን አክሏል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በሬው በአራተኛው ሙከራ ቆመ። አቶ ወንዳፍራሽም ልጆቹ መንጋውን ደምረው ሲቀንሱ ካዳመጡ በኋላ፣ ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት እንዲሰጥ፣ መምህርቷም በሥራቸው እንዲቆዩ ፈቀዱ። በሬውን ግን ለማንም አልሰጥም ብለው በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ወይዘሮ ድንቅቱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ትተውልናል። አዳምን ከአፈር ያበጀ አምላክ፣ ጭቃ ያልተለየውን እጃቸውን ይዞ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያስቀምጥልን።

የጭቃው ትምህርት ከዚያ ፈቃድ ወዲህ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለሃያ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ተሰጥቷል።