እማዬ፣ ኤኖስና አዲሱ ቤት

ጃንዋሪ 16
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት። መኪናዬ አልነሳ ብላ ቢሮ በእግሬ ገባሁ። የባህል ማዕከሉ ንድፍ ደርሶ ጠበቀኝ፤ ግራንት የሚባለው አርክቴክት ከደቡብ የላከው። ማዕከል የሚሆነው አሮጌው የዓሣ መጋዘን ወረቀት ላይ ሲያምር! ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ወለል፣ መስታወት...

ለምሳ ይዤው ሄጄ ለእማዬ አሳየኋት። አየችው። ገለበጠችው። ደግማ አየችው።

«ቆዳ የሚፋቀው የት ነው?»
«እዚህ ነዋ፣ ስፌት ክፍሉ ውስጥ።»
«እዚህ ነጭ ወለል ላይ? ደሙስ? ስቡስ?» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ሆስፒታል ነው የሠራላችሁ።»

ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። እንደ እሷ ቆዳ የሚያለፋ፣ እንደ እሷ የጥንት ዘፈኖቻችንን የሚያውቅ መንደሩ ውስጥ አልቀረም። ግራንት ቢከፋው ይከፋው። ነገ እጽፍለታለሁ።

ጃንዋሪ 23
ስብሰባ። ግራንት በስልክ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። የቆዳ ክፍሉ የራሱ በር ይኖረዋል፣ ወለሉም በውሃ የሚታጠብ ይሆናል። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ሰብሳቢያችን ዊኒፍሬድ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ከበሮስ?»

ዙሪያችንን አየችን።

«ከበሮ የሌለበት የእኛ የኢኑቪያሉይት ሕዝብ ቤት ምን ቤት ነው? መሥራት የሚችለው የቀረን አንድ ሰው ነው። ሮዳ፣ የማዕከሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ።»

ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። እኔም።

ኤኖስ። ስሙን እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም። ወንድሜ ክላረንስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አብሮት ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ኤኖስ ተመለሰ፤ ክላረንስ ባሕር ውስጥ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት... እማዬ አላናገረችውም፣ እኔም። ሱቅ ውስጥ ካየሁት የያዝኩትን ዕቃ ትቼ እወጣለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ከበሮ አልመታም፣ እማዬም አልዘፈነች።

እንዴት ነው የማንኳኳው?

ፌብሩዋሪ 2
አልሄድኩም።

ፌብሩዋሪ 9
ዛሬም። ነፋሱን አሳበብኩ። ነፋስ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 12
ሄድኩ። ደረቅ ዓሣ ይዤ።

በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ዓይኑን ያላመነ መሰለኝ። «የፐርሲስ ልጅ» አለ። ስሜን ሳይሆን የእናቴን ነው የጠራው። ሻይ ቀዳልኝ። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም... ሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤት ሆነን በቅርብ ያየሁት ዛሬ ነው።

የሄድኩት ስለ ከበሮ ልነግረው ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ።

«ያን ቀን ምን ሆነ?»

ስኒውን አስቀመጠ።

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ነገረኝ። ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ተነሳ። ሞተሩ ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባውን ሲያዘነብለው ክላረንስ ወደቀ። ኤኖስ እጅጌውን ያዘው።

«ልብሱ ውሃ ጠጥቶ ከበደ፣ መሳብ አቃተኝ። መያዝ ብቻ ቻልኩ። እጄ እስኪደነዝዝ ያዝኩት። መቼ እንደለቀቅሁት እንኳ አላውቅም... ዞር ብዬ ሳይ እጄ ባዶ ነው።»

ጣቶቹን የበላቸው የዚያን ቀን ውርጭ ነው። እኛ ግን ትቶት ሸሸ ነበር የምንለው። መጀመሪያ ያለው ማን ነው? እኔ እሆን?

ከበሮውን ሳላነሳ ወጣሁ።

ፌብሩዋሪ 13
ለእማዬ ነገርኳት። ቦት ጫማ እየሰፋች ነበር። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።
«ምኑን?»
«ለወንድምሽ ጸሎት ሲመጣ እጁ በፋሻ ታስሮ አይቻለሁ። የሸሸ ሰው እጅ እንደዚያ አይሆንም።»
«ታዲያ ለምን...?»

መርፌዋን አስቀመጠች።

«በማን ልቆጣ ልጄ? በባሕሩ? ባሕሩ ያበላኛል። በእግዚአብሔር? እሱን እፈልገዋለሁ። የቀረኝ ኤኖስ ነበር።»

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ! እኔንም እኮ ሰውዬውን ያስጠላችኝ እሷ ናት። ያለ ኮፍያ ቤተ ክርስቲያኑን አንዴ ዞርኩና ጆሮዬ ሲቃጠል ተመለስኩ። ሾርባ አቅርባ ጠበቀችኝ። በላን።

ማርች 6
ኤኖስ ቢሮ መጣ... መጡ። እሳቸው ማለት ነው የሚገባኝ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

«ከበሮ ነው የፈለግሽው አሉኝ። እሠራለሁ። ዘፈኖቹ ግን የእናትሽ ቤተሰብ ሀብት ናቸው። ካልፈቀደች አልመታም።»

ለእማዬ አደረስኩላት። «ይምታ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እዘፍናለሁ ግን አላልኩም።»

ጁን 20
ወለሉ ገባ። ግራጫ። እማዬ መጥታ በተረከዟ መታ መታ አደረገችው። «ቢታጠብ ይጠራል» አለች። ከእሷ ይኼ ትልቅ ምርቃት ነው።

ኦገስት 11
ከኤኖስ ጋር ዋልኩ። ለከበሮው ክብ የሚሆነውን እንጨት በእንፋሎት ያጎብጣሉ። «ስምንት ጣት አይበቃውም፣ ያዥልኝ» አሉኝ። ያዝኩ። ትኩስ ነበር፤ ልለቅ ስል «እንዳትለቂ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሁለታችንም እጄን አየን... ምን እንዳሰቡ አውቄያለሁ። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። አለቀቅኩም። ክቡ ገጠመ።

ሰፕቴምበር 27
ተከፈተ!

መንደሩ በሙሉ መጣ። ከነስቡ የሚበላው የዓሣ ነባሪ ቆዳ፣ የዝይ ሾርባ፣ ዳቦ። ግራንትም መጥቶ ቆዳ ክፍሉ ውስጥ አፍንጫውን ይዞ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ኤኖስ ተቀመጡና የእማዬን አባት ዘፈን በከበሮ ጀመሩ። የሚዘፍኑት ወጣቶች ከአሮጌ ቴፕ አጥንተውት ነበር። ግማሽ ላይ ጠፋባቸው። አንዱ ሲያቆም ሌላው አቆመ፤ ከበሮው ብቻውን ቀረ።

እማዬ ከፊት ወንበር፣ እጆቿ ጭኗ ላይ። ፊቷን አላየሁም፤ ፈርቼ።

«ኤኖስ! ምን ያስቸኩልሃል?» አለች።

ከበሮው ቆመ።

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚመታው?»
«ረስቼዋለሁ፣ ፐርሲስ።»
«እንግዲያው ስማ።»

ዘፈነች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል፤ መሃል ላይ ሳል አቋረጣት፣ እንደገና ጀመረች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ተከተሏት። እኔ ሳህን ማንሳት ነበረብኝ... አላነሳሁም።

ኦክቶበር 15
ረቡዕ ማዕከሉ ውስጥ የዘፈን ትምህርት ቀን ሆኗል። ሁለቱ በቋንቋችን ሲጨቃጨቁ ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ ግማሹ አይገባኝም፤ መማር ጀምሬያለሁ።

ዛሬ ግን ትምህርት አልነበረም። ክላረንስ የሞተበት ቀን ነው። በዚህ ቀን እማዬ መጋረጃ ዘግታ ነበር የምትውለው። ጠዋት ለብሳ አገኘኋት። «ኤኖስን ጥሪው» አለች። «የት እንደሆነ ያሳየኝ።»

በመኪናዬ ወደ ዳርቻው ወሰድኳቸው። ውሃው ገና አልረጋም፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ስስ በረዶ። ኤኖስ እጃቸውን ዘርግተው አመለከቱ። እማዬ ክንዳቸውን ይዛ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይኼን ያህል ቅርብ ነው?» አለች። «እኔ ሩቅ ነበር የሚመስለኝ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ወደ ቤታቸው ሊያመሩ ሲሉ «ግባ፣ ዓሣ አለ» አለቻቸው።

ገቡ። የክላረንስ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ አያውቁም። እማዬ አየች፣ ዓሣውን ፊታቸው አቀረበች።

ሻይ እየቀዳሁ፣ «አጎቴ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎት?» አልኳቸው።

ሦስት አሉ።