ከሪማ ያስቀበረችው ጆንያ

ሐምሌ 8
ልጄ ከሪማ ወረቀቶቼን አስቀበረች። ሙሉ ጆንያ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት።

ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ኮምቦልቻ አራት ቀን ሰነበትኩ። ዛሬ ደሴ ገባሁ፣ ምሳ በላሁ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ... ባዶ።

«አባ፣ ቁርኣን መሬት ላይ ወድቆ አይጥ ሲበላው ዝም ልበል? በክብር አስቀበርኩት። ሰዋቡ፣ ምንዳው ለእርስዎም ነው።»

ቁርኣን አይደለም! ፊደሉ የዓረብ ስለሆነ ብቻ...

ሐምሌ 9
ከየመስጊዱ ጓዳ የለቀምኩት ነበር። ያረጀ ጽሑፍ አይጣልም፣ አይረገጥም፤ ሰዉ እዚያ ያከማቸዋል። የካይሮ አይሁዶችም እንዲሁ ነበሩ። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የጻፉት፣ የነጋዴው ደብዳቤ፣ የሕፃኑ የፊደል ልምምድ ሳይቀር በምኩራባቸው ጓዳ ተገኘ። ያንን ላነብ ብዬ በስልሳ ዓመቴ የዕብራይስጥ ፊደል ቆጠርኩ። ያለ መምህር። እነሱ በዕብራይስጥ ፊደል ዓረብኛ ይጽፉ ነበር፤ የእኛዎቹ በዓረብ ፊደል አማርኛ። ተራው ሰው ይጽፍ ነበር፣ ሴቷም ጭምር! ማስረጃው ያ ጆንያ ነው።

የዩኒቨርሲቲው መምህር ሀፊዝ ነሐሴ ላይ ፎቶ ሊያነሳው ቀጥሮኛል። ቅጂ የለኝም። መገልበጡን ዓይኔ ይዳን ብዬ አቆየሁት።

ሐምሌ 11
ጉድጓዱን የቆፈረው የመስጊዱ ዘበኛ መሕሙድ ነው። ሰኞ ገበያ ያዝኩት።

«የት ነው?»

«የተቀበረ አይወጣም።»

«ጨው ላኩልኝ የሚል ደብዳቤ ነው የቀበርከው፣ አንተ መሃይም!»

«አብሮህ እንዲቀበር አስበን ነበር፤ አንተ አልሞት አልክ» ብሎ ሳቀ።

ወላሂ፣ በከዘራዬ ልለው ነበር።

ዝናቡ አላባራም። ወረቀት ስንት ቀን ይችላል?

ሐምሌ 14
ሦስት ቀን ከመስጊዱ በር አልነቃነቅም አልኩ። መሕሙድ ተሸነፈ። ከአጥሩ ጀርባ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር። ራሴ ቆፈርኩ።

ጆንያው ወጣ። ውስጡ ሊጥ። ቀለሙ ሁሉ ፈሷል። አንዲት ቁራጭ ብቻ ተነበበች... «ይህን በእጄ የጻፍኩ እኔ ዘሃራ ነኝ።»

መዳፌ ላይ ተበጣጠሰች።

ሐምሌ 15
ከሪማ አለቀሰች። «በምን ልወቅ አባ? ያስተማሩት ወንድሞቼን ብቻ።»

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ለምን አላስተማርኳትም? እናቷ ታማ ነበር፣ ቤቱን የሚይዝ አልነበረም... ሰበብ።

ሐምሌ 23
ምንም አልጻፍኩም። ምን ልጻፍ?

ነሐሴ 2
ሀፊዝ ካሜራውን ይዞ መጣ። «ጋሼ ኑርሁሴን፣ ጆንያው የታለ?»

ከሪማ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ጆንያ የለም።»

«ሴቶቹም ይጽፉ ነበር፣ ማስረጃ አለኝ አላሉኝም?»

«ተሳስቼ ነው።»

በዕድሜዬ ተሳስቼ ነው ብዬ አላውቅም። ግን እውነቱን ብነግረው፣ ልጅዎ ለምን ማንበብ አቃታት ይለኛል።

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከሪማ «አባ...» ስትል በእጄ አስቆምኳት። ስለዚያ ጆንያ ከዛሬ ወዲያ ለሀፊዝም፣ ለእሷም፣ ለዚህ ደብተርም አንዲት ቃል አልናገርም።