ወደ ኋላ የወጣነው ዳገት

አናበርግ፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1939

ለውዱ ባለቤቴ ለአልቪን፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ኤሪካ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። እናትህም እንደ ወትሯቸው ሁሉን ይቆጣሉ፣ ሁሉን ይበላሉ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም፤ ወንድሜ በእጁ ይሰጥሃል። አንብበህ ምድጃ ውስጥ ጨምረው።

«ወርክሾፑን ዝጊና ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ እዚህ መንግሥት ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን መኪና እየሠራ የእኛን የእንጨት ሳጥን ማን ይገዛዋል?» ብለህ ሥራ ከያዝክበት ከበርሊን ጽፈህልኛል። የእንጨት ሳጥን! ሁለተኛው ልጃችን ተወልዶ ሞተር ብስክሌቱ አልበቃን ሲል፣ ሞተሩን ፈትተን መኪና እንሥራበት ያልን ጊዜ እንዲህ አላልክም። ብረት መግዛት ቢያቅተን አካሉን ከስስ ጣውላ ሠርተን ሰው ሠራሽ ቆዳ ያለበስነው አንተና እኔ ነን። የጣሪያውን ከፍታ የለካነው እናትህን የእሑድ ባርኔጣቸውን አስደፍተን፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጠን ነው። የሀብታም መኪና የሚሠሩት ሳቁብን። ይሳቁ! ዛሬ ዳቦ ጋጋሪው፣ አዋላጇ፣ መምህሩ ቤተሰባቸውን የሚጭኑት በዚያው ሳጥን ነው።

አሁን የሆነውን ስማ። ማክሰኞ ዕለት ፌልግነር የሚባል ባለሥልጣን ከበርሊን መጣ። ገና ወጣት ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። የመኪናው ዓይነት ከመጠን በላይ ስለበዛ ትንንሾቹ ሠሪዎች ይዘጉ ተብሏል አለኝ።

«ወይዘሮ ሄድቪግ፣ ይሄ መኪና እኮ አራት ሰው ጭኖ ዳገት አይወጣም። ለአገር ምን ይጠቅማል?»

«ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«ባለቤትዎ ናቸዋ!»

አልቪን፣ አንተ! መደንገጤን ግን እንዲያይብኝ አልፈለግሁም፤ ሠራተኞቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። «እንግዲያው ይግቡ» አልኩት። «አሁኑኑ እንወጣዋለን።» እርሱን ከጎኔ፣ እናትህንና ያንን ወፍራም አናጢያችንን ኦስዋልድን ከኋላ አስቀመጥኩ። እናትህ የአይብ ኬክ ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ መቼም ያለ ኬክ መኪና ገብተው አያውቁ።

የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ታውቀዋለህ። በረዶ ጋግሮበት ነበር። ግማሹ ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከሩ ጀመርና ቆምን። ሰውዬው ፈገግ አለ።

«አላልኩም?»

እናትህ ከኋላ ጮኹ። «ሄድቪግ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አዙሪያትና በቂጧ ውጪ!»

የበርሊን ሰው ከየት ያውቀዋል? ከፊት የሚጎትት መኪና ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽበታል። ጀርባውን ለዳገቱ ሲሰጥ ግን ክብደቱ ሁሉ በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ የኋላ ማርሹም ጉልበተኛ ነው። እታች ወርጄ አዞርኳትና አንገቴን ጠምዝዤ ወደ ኋላ ነዳሁ። ያዘች! ዳቦ ጋጋሪው ከነሽርጡ ወጥቶ አጨበጨበልን። ሰውዬው ከተማው ከፊቱ እየራቀ ሲሄድ እያየ የበሩን እጀታ ጨብጧል።

«ወይዘሮ፣ ይሄ ነውር ነው! ሰው እያየን ነው!»

«አንተ ልጅ፣» አሉት እናትህ፣ «ይልቅ ይቺን ኬክ ያዝልኝ፤ እጄ ዛለ።»

ያዘላቸው። ጫፍ ስንደርስ ወርዶ ኮቱን አራገፈና «ወደ ኋላ መውጣት አይቆጠርም» አለኝ።

«አራት ነበርን አልነበርንም?»

 የመዝጊያውን ወረቀት ካልፈረምኩ ወርክሾፑን በግድ እንደሚዘጉት ነግሮኝ ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደው።

አልፈርምም። በግድ ይዝጉት እንጂ በገዛ እጄ አልዘጋውም። ጣውላው እስኪያልቅ እንሠራለን፤ ሲያልቅ ደግሞ የሠራናቸውን እንጠግናለን። ለሠራተኞቹ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ አንድም ጥሎኝ የሄደ የለም።

የተናደድኩት በዚያ ልጅ አይደለም፤ እርሱ የታዘዘውን ነው የሚናገረው። አንተ ግን ያንን ዳገት ክረምት በመጣ ቁጥር እየወጣኸው አይወጣም አልክ። ፈርተህ ከሆነ ይገባኛል፣ እኔም እፈራለሁ። ለሹመት ብለህ ከሆነ ግን አፍሬብሃለሁ። እናትህ «መጥቶ በሠራተኞቹ ፊት ይድገመው» ብለዋል። ስምህ ሲነሳ ማንኪያቸውን አስቀምጠው በመስኮት ያያሉ።

ትናንት ቀለም ቀቢውን ጠርቼ፣ ከደጃፋችን ሰሌዳ ላይ ስምህን አጥፍቶ የእኔን እንዲጽፍ አዘዝኩት። መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፣ ብሩሹንም ነከረ። ያን ጊዜ «ተወው፣ በዚህ ብርድ ቀለም አይደርቅም። ከፋሲካ በኋላ ና» ብዬ ከመሰላሉ አወረድኩት። ኦስዋልድ ቀለም በብርድም ይደርቃል አለኝ። ዝም በል አልኩት።

የሱፍ ሹራብህን ልኬልሃለሁ። እግዚአብሔር ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከፍርሃት ይጠብቅልን።

ሚስትህ
ሄድቪግ